«ነፃ» ሁሉ ሌብነት አይደለም! በዝሆኖቹ ጠብ ሣሩ ለምን ይረገጣል?

ሙዚቃና ኢንተርኔት በተነሱ ቁጥር ሁለት ጎራ ብቻ ነው የሚታየን። ባንደኛው ወገን ጠበቆቹን አስከትሎ «ንብረቴን ተዘረፍኩ!» እያለ እሪ የሚል ትልቅ ኩባንያ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ «ዘፈን እኮ አየር ነው፣ ምን ባለቤት አለው?» እያለ ያገኘውን ሁሉ የሚገለብጥ አለ። ሌላው ሰው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። ወይ የኩባንያው ደጋፊ ነህ፣ ወይ የሌባ ተባባሪ ነህ! ይሄ «ከኛ ጋር ያልቆመ ሁሉ ጠላታችን ነው» የሚሉት ነገር ለኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። የመጣ መንግሥት ሁሉ ሲዘምርልን የኖረ መዝሙር ነው።

እኔ ግን ከሁለቱም አይደለሁም። መሃል ሰፋሪነት አምሮኝም አይደለም። ሁለቱ ሲነታረኩ ስሙ የማይነሳ ሦስተኛ ወገን ስላለ ነው። ይህ ሦስተኛ ወገን የገዛ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ «እንካችሁ፣ ስሙልኝ፣ ለወዳጆቻችሁም አድርሱልኝ» ብሎ በኢንተርኔት የሚለቅ ሙዚቀኛ ነው። አሳታሚ የለውም፣ ጠበቃም የለውም። እሱ ማንንም አልሰረቀም፤ ሰጠ እንጂ አልተሰረቀም። ዝሆኖቹ በተጣሉ ቁጥር ታዲያ እግራቸው ሥር ሣር ሆኖ የሚረገጠው እሱ ነው። የዛሬው ጉዳዬ የዚህ ሰው ጉዳይ ነው።

ክሱ ያልነካቸው፣ ፍርዱ ያጠፋቸው

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሾን ፋኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ናፕስተር የተሰኘ ፕሮግራም ለሕዝብ አቀረበ። ሰው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ዘፈን ዓለም ዳር ካለ የማያውቀው ሰው ጋር ይለዋወጥ ጀመር። አብዛኛው ልውውጥ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሚደረግ ነበር፤ ይሄን የሚክድ ካለ ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ከሰሱ። በ2000 ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ በበኩሉ ክስ መሥርቶ፣ ዘፈኖቻችንን ተለዋወጡ ያላቸውን ከ300 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በወረቀት አትሞ ለናፕስተር አስረከበ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይወራው ቀጥሎ ያለው ነው። ከሳሾቹ ራሳቸው፣ ሙዚቀኞች ፈቅደው የለቀቋቸውን ሥራዎች መለዋወጥ ይታገድልን ብለው አልጠየቁም ነበር! ይህ በ2001 የካቲት በተሰጠው የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። እነዚያ ፈቅደው የሰጡ ሰዎች ማንም ጥፋተኛ ያላላቸው ንጹሃን ነበሩ ማለት ነው። ናፕስተር ግን የተከለከሉትን ዘፈኖች አንድም ሳያስቀር እንዲያግድ ሲታዘዝ አልሆነለትም፤ በ2001 ሐምሌ አገልግሎቱን አቆመ። በሩ ሲዘጋ የሰረቀውም የሰጠውም አብረው ውጭ ቀሩ። በእርጥቡ ደረቅ ሳይሆን በደረቁ እርጥብ ነደደ!

ከዚህ የባሰም አለ። ማይክል ሮበርትሰን የተባለ ሰው በ1997 በሳንዲያጎ ከተማ ኤም.ፒ.ስሪ ዶት ኮም የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ስም የሌለው፣ አሳታሚ ፊት የነሳው ሙዚቀኛ ሥራውን እዚያ ያለ ክፍያ ያስቀምጣል፤ ሰው በነፃ ይሰማለታል። መብቱ የራሱ እንደሆነ ይቆያል። ሲዲ ይታተምልኝ ካለም ታትሞ ሲሸጥ ግማሹ ለሱ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ውል የትኛው ሙዚቃ ቤት ይሰጠዋል?

ድርጅቱ በ2000 መጀመሪያ ላይ ሌላ አገልግሎት ጨመረ። ሲዲ የገዛ ሰው ሲዲውን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከትቶ መግዛቱን ካሳየ በኋላ ያንኑ ዘፈን ከየትኛውም ቦታ ሆኖ እንዲሰማ የሚያደርግ ነው። ለዚህ ሲባል ድርጅቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲዲዎችን ገዝቶ ገለበጠ። ዩኒቨርሳልና ጓደኞቹ ከሰሱ፤ ረቱ። ዳኛው በአንድ ሲዲ 25 ሺህ ዶላር ካሳ ወሰነ። በመጨረሻ ከዩኒቨርሳል ጋር የነበረው ጉዳይ በ53.4 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። በ2001 ደግሞ የከሳሹ የዩኒቨርሳል እናት ኩባንያ ቪቬንዲ ዩኒቨርሳል ተከሳሹን ድርጅት ጠቅልሎ ገዛው። በ2003 መጨረሻ ላይ እነዚያ ምስኪን ሙዚቀኞች ያስቀመጧቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ከገጹ ላይ ተደመሰሱ። ከፊሉ በሌላ ኩባንያ እጅ ተርፎ ኋላ ብቅ ማለቱ አልቀረም፤ የብዙው ሰው ደጃፍ ግን በአንድ ሌሊት ፈርሷል።

አንባቢ ልብ ይበል። የተከሰሰው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ! ድርጅቱ የትልልቆቹን ሲዲ በመገልበጡ ተከሰሰ፤ የጠፋው ግን የትንንሾቹ ሥራ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ «የቅጂ መብት ጥበቃ» የሚባለው ነገር በኃይለኛ እጅ ሲወድቅ የሚያመጣው ጣጣ።

24 ዘፈን፣ 222 ሺህ ዶላር

ድርጅቶቹን ከጨረሱ በኋላ ወደ ተራው ሰው ዞሩ። ከ2003 መስከረም ጀምሮ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ግለሰቦችን በሺዎች እየቆጠረ ከሰሰ። ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች መካከል የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ 2,000 ዶላር ከፍላ ነው የተገላገለችው። በሚኒሶታ ግዛት ያለች አንዲት እናት ደግሞ በ24 ዘፈኖች ምክንያት በ2007 222 ሺህ ዶላር ክፈይ ተባለች። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በ2009 ቅጣቱ ወደ 1.92 ሚሊዮን ዶላር አሻቀበ! ብዙ ከተንከባለለ በኋላ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ 222 ሺሁ መለሰው። ሃያ አራት ዘፈን እኮ ነው፣ ወገኖቼ! ሕጉ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት በአንድ ሥራ እስከ 150 ሺህ ዶላር ድረስ ይፈቅዳል።

ሴትየዋ አጥፍታለች፣ አላጠፋችም የሚለው የኔ ክርክር አይደለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቅጣት ሕዝቡን ምን አስተማረው? «በነፃ የተገኘ ሙዚቃ ሁሉ አደገኛ ነው» የሚል ፍርሃት አስተማረው። ፍርሃት ደግሞ አይለይም። የተሰረቀውንም የተሰጠውንም እኩል ያሸሻል። ገና ስሙ ያልታወቀው ልጅ በፈቃዱ ያስቀመጠው ዘፈን የሌባ ዕቃ መሰለ። ኩባንያዎቹም በዚህ አልተከፉም፤ ከነሱ መደብር ውጭ ያለው መንገድ ሁሉ እሾህ ሲሆን ማን ይጠላል?

የሰጪው ሕግ

ሕጉም ራሱ እያደር ወገቡ ሰፍቷል። በ1998 የአሜሪካ ምክር ቤት የቅጂ መብትን ዕድሜ በ20 ዓመት ጨምሮ የደራሲው ሕይወት ዘመንና 70 ዓመት አደረገው፤ በኩባንያ ስም ለተሠራው ደግሞ 95 ዓመት። ይሄ የሚጠቅመው ማንን ነው? ከሞተ 70 ዓመት የሆነው ደራሲ ተነስቶ ብር ይቆጥራል? ሎረንስ ሌሲግ የተባሉ የሕግ መምህር ነገሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተው በ2003 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተረቱ።

ሰውዬው ግን የፍርድ ቤቱን ደጅ ብቻ ይዘው አልተቀመጡም ነበር። በ2001 ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባል ድርጅት መሥርተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶችም በ2002 ታኅሣሥ ወጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሥራው ሥራውን ሲለቅ ምን እንደፈቀደና ምን እንደከለከለ በአጭሩ ያስታውቃል። «ስሜን ጥሩ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉት» ሊል ይችላል። «ገልብጡ፣ አትነግዱበት» ሊል ይችላል። «ገልብጡ፣ ግን አትለዋውጡት» ሊልም ይችላል። የቅጂ መብቱን አልጣለም። ባለቤትነቱን ይዞ ነው የሚሰጠው። እናም «ነፃ» ማለት «ባለቤት የሌለው» ማለት አይደለም።

እኔ ከክርክሩ ጩኸት ፈቀቅ ብዬ ይህንን ዓይነቱን ሙዚቃ ማሰስ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። በ2005 በሉክሰምበርግ የተቋቋመው ጃሜንዶ አለ። በ2009 በአንድ የኒው ጀርሲ ራዲዮ ጣቢያ የተጀመረው ነፃ የሙዚቃ መዝገብ አለ። ከ1996 ጀምሮ ያለው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት አለ። እነዚህ ቦታዎች ስትገባ ማስታወቂያ የሚያውቀው ፊት አታገኝም። አንዱ ጊታሩን ይዞ መኝታ ቤቱ ውስጥ የቀዳው ይሆናል፤ ሌላው የአያቱን የሰርግ ዜማ በኮምፒዩተር ያቀናበረ ይሆናል። ግማሹ የማይረባ ነው፤ ልሸነግል አልፈልግም። ከቀሪው ግማሽ ግን በገንዘብ ገዝቼ የማላገኘውን አግኝቻለሁ። ከሁሉም በላይ ስሰማው ልቤ አይቆረቁረኝም፤ ባለቤቱ ስማኝ ብሎኛላ!

«በነፃ ሰጥቶ ምን ይበላል?»

«ታዲያ በነፃ ሰጥቶ ምን ይበላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን በምሳሌ ልስጥ። ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው የትሬንት ሬዝነር ባንድ በ2008 መጋቢት 36 ሙዚቃዎች ያሉት «ጎስትስ» የተሰኘ አልበም አወጣ። ሁሉንም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው የለቀቀው፤ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ሰው ገልብጦ ለጓደኛው ቢሰጥ ሕጋዊ ነው። ሆኖም ያንኑ አልበም ሕዝቡ ገንዘብ አውጥቶ ገዛው። በዚያ ዓመት አማዞን በዲጂታል ከሸጣቸው አልበሞች አንደኛ የወጣው እሱ ነው! በነፃ ሊያገኝ የሚችለውን ነገር ሰው ለምን ገዛ? ያከበረውን ሰው ሊያከብር ፈልጎ ነዋ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከዚያው አልበም የተወሰደች ቁራጭ ዜማ በ2018 ሊል ናስ ኤክስ በተባለው ወጣት «ኦልድ ታውን ሮድ» ውስጥ ገባች። ዘፈኑ በአሜሪካ ለ19 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ፈቃዱ «አትነግዱበት» ስለሚል ግን ንግድ ሲሆን መነጋገር የግድ ነበር፤ ሬዝነርና ባልደረባው አቲከስ ሮስ ከዘፈኑ ባለቤቶች መካከል ስማቸው ተመዘገበ። ሰጪው የሰጠውን ሰጠ፣ ያልሰጠውን አስከበረ።

እርግጥ ነው፣ ሬዝነር ቀድሞውንም ስም ያለው ሰው ነበር። ስም የሌለው እንዲህ አይሆንለትም ብትሉኝ አልከራከርም። ግን ስም የሌለው በሌላኛው መንገድስ ምን ያገኛል? ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በታች ለተደመጠ ዘፈን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ታዲያ ያልታወቀው ልጅ በነፃ ሲሰጥ የሚያጣው ምንድን ነው? ምንም! የሚያገኘው ግን ሰሚ ነው። ለአዝማሪ ከሰሚ በፊት የሚመጣ ገቢ የለም።

የኛው ሰው ምስክርነት

ወደኛው እንምጣ። አንጋፋው የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሥራ አሜሪካ ተሻግረው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወቱ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ዘመኑ አለፈ፤ ሰውዬው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዱ ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ በኢንተርኔት ለዓለም በነፃ ሲያሰማ የነበረ ሰው፣ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። አገኘሁ ብሎ ዝም ብሎ አልለቀቀውም። ሰውዬውን አፈላልጎ ስልክ ደወለላቸው። ተስማሙ፤ አልበሙ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ትርፉም እኩል ለእኩል። ኃይሉ መርጊያ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ያ ሰው ቀደም ሲል ብዙ ካሴት ባለቤቱን ሳይጠይቅ ያሰማ እንደነበር ይታወቃል፤ ያንን ጻድቅ አላደርገውም። ልዩነቱን ያመጣው ስልኩ ነው። መጠየቅ! ነፃ ማሰማት ለሙዚቃው ጆሮ አስገኘ፤ መጠየቅ ደግሞ ለባለሙያው እንጀራ አስገኘ። ስንቱ የኛ ባለሙያ ነው ካሴቱ በየሱቁ ሲሸጥ ኖሮ ማስተሩ የት እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ያረፈው?

አገር ቤት ያለው ገመና

«ሕግ የለንም» እንዳንል አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ወረቀቱ ያማረ ነው። ወረዱና ከተማውን እዩት። «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ በፍላሽ በሞባይል የሰው ላብ የሚሸጠውን ማን ነካው? ልብ በሉ፣ ይሄኛው «ነፃ» እንኳ አይደለም፤ ገንዘብ ይቀበላል! የሰጪ ሙዚቀኛና የዚህ ዓይነቱ ነጋዴ አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም። ደግሞስ ትንሹን ሱቅ ብቻ ለምን እናሳዝናለን? የመንግሥት በዓል በመጣ ቁጥር አደባባይ ላይ የሚንቆረቆረው ዘፈን ስንቱ ባለቤቱ ተጠይቆ፣ ስንቱስ ተከፍሎበት ነው?

በላዩ ላይ መድረኩ የተዘጋበት አለ። በ2009 ነሐሴ ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበሙን በሂልተን ሆቴል ሊያስመርቅ ሲል ተከለከለ። በ2014 ሰኔ ግን «ናዕት»ን በዩቲዩብ ለቀቀ፤ ሕዝቡም ማንንም ሳያስፈቅድ ሰማ። ነፃ የሙዚቃ መንገድ የወጣቶች ጨዋታ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አዳራሽ የሚከለክል ባለሥልጣን ባለበት አገር ይሄ መንገድ የመናገር መብት ጉዳይ ነው።

መንገዱም ቢሆን ቁልፉ ያለው በማን እጅ ነው? ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በትግራይ በጦርነቱ ወቅት ለሁለት ዓመት ያህል፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት መስመር ጠፍቶ ሕዝቡ ጨለማ ውስጥ ከረመ። መስመር የሚዘጋ መንግሥት ስለ አርቲስት መብት ዲስኩር ሲያደርግ ብሰማ አላምነውም። የባለሙያውን ደጅ ቆልፎ «ዕቃህን ከሌባ እየጠበቅኩልህ ነው» የሚል ዘበኛ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው?

ምን ይደረግ?

ለሙዚቀኛው የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ማስተርህን ከእጅህ አታውጣ፤ ማስተርሽን አሳልፈሽ አትስጪ። ውል በጽሑፍ ይሁን። ከሥራዎችህ አንዱን ሁለቱን በራስህ ውል፣ ስምህን አስጠርተህ፣ ለሕዝብ ልቀቅ፤ ሌላውን ሽጥ። ሁሉንም ስጥ አላልኩም። ልስጥ ወይስ ልሽጥ የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ «ለሕዝብ ብለህ በነፃ ስጥ» እያለ የሚያስገድድም ከዘራፊው አይሻልም። ደግሞ ቤትህ የኪራይ መሆኑን አትርሳ። ሙዚቀኛው ዋጋውን ራሱ የሚተምንበት ባንድካምፕ ስንት የተመሰገነ ቦታ ነበር፤ በ2022 ለአንዱ ተሸጠ፣ በ2023 ለሌላው ተሸጠ፣ ከሠራተኞቹም ግማሽ ያህሉ ተባረሩ። የኤም.ፒ.ስሪ ዶት ኮም ልጆች ያዩትን አይተናል። ስለዚህ ሥራህን በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጥ፤ ቅጂው ቤትህም ይኑር።

ለሰሚውም አለኝ። በነፃ ያገኘኸው ማን እንደሰጠህ ጠይቅ። ባለቤቱ ከሰጠህ አመስግነህ ስማ፣ ለሌላውም አድርስ፣ ስሙንም ጥራ፤ ሲሞላልህ ደግሞ ክፈለው። ባለቤቱ ካልሰጠህ ያንን «ነፃ» አትበለው፤ ስሙ ሌላ ነው።

ለባለሥልጣኑ የምለው አጭር ነው። ሕጉን በትልቁም በትንሹም ላይ እኩል አስከብሩ፤ መጀመሪያ በራሳችሁ ጀምሩ። አዳራሹን አትከልክሉ፣ መስመሩን አትዝጉ። ሌላ ውለታ አንፈልግም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንደሆኑ አያርፉም። በ2023 የኢንተርኔት ቤተ መዛግብቱን የድሮ የሸክላ ቅጂዎችን አሰማህ ብለው ከሰሱት፤ በ2025 በስምምነት ተዘጋ። በ2024 ሰኔ ሱኖና ዩዲዮ የተባሉትን ሙዚቃ የሚፈበርኩ ሰው ሠራሽ አእምሮዎች ከሰሱ፤ በ2025 ዩኒቨርሳል ከዩዲዮ ጋር፣ ዋርነር ደግሞ ከሱኖ ጋር ታርቀው ሽርክና ጀመሩ። ትናንት «ሌባ!» ያሉትን ዛሬ «ሸሪክ» አሉት። ዝሆኖች ሲጣሉም ሲታረቁም ያው ሜዳ ላይ ነው። ሣሩ ታዲያ መቼ ነው የሚጠየቀው? እስኪጠየቅ ድረስ ግን ሣሩ ይበቅላል፤ እኛም ፈቅዶ የሰጠንን እየሰማን፣ የሰጪውን ስም ከሌባ ስም እንለያለን!